ብርዱ ጠጣው

የሆስፒታሉ ሹፌሮች የስምሪት ኃላፊያቸውን ፊት ለፊት «አለቃ» ይሉታል፤ ዞር ሲል ግን «ሊትሮ» ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ቢጠየቁ ሁሉም እኔ ነኝ ይላሉ። ሰውየው ነዳጅ የሚሰፍረው የልጅ መድኃኒት እንደሚሰፍር ሰው ነው። የቢሮው መስኮት ወደ መኪና ማቆሚያው ግቢ ስለሚያይ፣ የቆመ መኪና ሞተር ሲያጉረመርም ከሰማ ስልክም እያናገረ ይሁን ስብሰባ ላይ፣ መስኮቱን በርግዶ «አጥፋ!» ይላል። የሚጠጣው ሻይ በዚሁ ሰበብ ሲቀዘቅዝ ነው የሚውለው። ሚስት ያላገባው የሚለካበት ዕቃ ስላጣ ነው እያሉ ይሳሳቁበታል ሹፌሮቹ።

ሐሰት መናገር አያስፈልግም፤ ክፉ ሰው አይደለም። ከሱ በፊት በነበረው ኃላፊ ዘመን የሆስፒታሉ ናፍጣ እንደ ምንጭ ውሃ ይቀዳ ነበር፤ አንዲት አምቡላንስ በሽተኛ ይዛ መሀል መንገድ ላይ ነዳጅ ጨርሳ ቀርታለች። ሊትሮ ወንበሩን ሲረከብ እንዲህ ያለ ነገር በኔ ጊዜ አይደገምም ብሎ ማለ። ከዚያም ፀሐይ በምትደምቅበት ወር በየመኪናው ላይ እየወጣ መንገዱን ሁሉ ራሱ ነዳው። ታንከሩን አፉ ድረስ ሞልቶ ይወጣል፣ ዞሮ ሲመለስ እንደገና ይሞላል፣ የጎደለውን ያያል፤ አለቀ። ያ ልክ «ኖርማ» ተባለ፤ ከኖርማው በላይ ያቃጠለ ሹፌር ቆሞ ማስረዳት አለበት።

ልኩ የተወሰደው አስፋልቱ በሞቀበት ወር፣ ማንም ባልተሳፈረበት ባዶ መኪና መሆኑን ያነሳ የለም። ሊትሮም አላሰበውም። እሱ ወጣትነቱን የጨረሰው ቆላ ውስጥ ከባድ መኪና ሲነዳ ነው፤ ጠዋት አስነሥቶ ወዲያው መብረር ነበር ሥራው። ብርድ ለሱ ሰውን ኮት የሚያስለብስ ነገር እንጂ ሞተር ውስጥ የሚገባ ነገር መስሎት አያውቅም።

ከሹፌሮቹ በዕድሜ የሚበልጠው «ቀስ በሌ» ነበር። ስሙ ከአነዳዱ የመጣ ነው፤ ጉድጓድ የሚያልፈው ይቅርታ እየጠየቀ ይመስላል። የሚነዳት ነጭ ሚኒባስ የኩላሊት እጥበት ታካሚዎችን ከየቤታቸው ትሰበስባለች፣ እጥበቱ ሲያልቅ ትመልሳለች። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ የሊትሮ እናት ናት። ሊትሮ ማልዶ ከቤት ስለሚወጣ ሚኒባሷ ደጃቸው ስትቆም አይቷት አያውቅም። እናቱ በሰዓቷ ሄዳ በሰዓቷ ትመለስ እንጂ ሌላውን ጠይቆ አያውቅም።

በዚያ ዓመት ብርዱ ከወትሮው ጠና። ጠዋት ጠዋት በመኪኖቹ መስታወት ላይ ውርጭ ይጋገራል፤ የግቢው ቧንቧ እስኪቀልጥ ይጠበቃል። ሊትሮ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን እግሩ ሥር ሸጉጦ ነዳጁን ሲመረምር የሁሉም መኪና ፍጆታ ከፍ ከፍ ብሏል። ግቢ ወርዶ ጮኸ። ጩኸቱ ሠራ፤ በሳምንቱ የሁሉም ወደ ኖርማው ተመለሰ። የቀስ በሌ ብቻ አልተመለሰም።

ሌሎቹ እንዴት አድርገው እንደመለሱት ሊትሮ አልጠየቀም። ጠይቆ ቢሆን ኖሮ እዚያው ላይ ይገባው ነበር። ቁልቁለት ሲያገኙ ማርሽ አውጥተው መኪናውን ይለቁታል። በሽተኛ ከቤት እስኪወጣ ሞተር አጥፍተው ይጠብቃሉ። ሞተር ካልሞቀ ደግሞ ማሞቂያው የሚተፋው ቀዝቃዛ ነፋስ ስለሆነ እሱንም አይከፍቱትም። ተሳፋሪው ጥርሱን ያንቀጫቅጫል፤ ኖርማው ግን ይከበራል።

አንድ ጠዋት፣ ሹፌሮቹ ሁሉ ቁልፍ ለመቀበል በተሰበሰቡበት፣ ሊትሮ ቀስ በሌን ጠራው።

«ጋሼ፣ የእርስዎ መኪና ምን ሆና ነው?» አለው፣ መጀመሪያ በደህናው።

«ብርዱ ነው አለቃ።»

«ብርዱ ምን አደረገ?»

«ይጠጣል። ናፍጣውን የሚጠጣው ብርዱ ነው።»

ሊትሮ ሳቀ። አስቦ አልነበረም፤ አመለጠው። ከሳቀ በኋላ ግን ሹፌሮቹ አብረውት ሲያውካኩ ልቡ ሞቀ። ሁልጊዜ የሚሳቅበት እሱ ነበር፤ አብረውት ሲስቁ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጣፈጠውና ጨመረበት። «ሰማችሁ? ብርዱ ጠጣው! እስከዛሬ ናፍጣ የሚጠጣ ሰው ነበር የማውቀው፤ አሁን ደግሞ ብርድ መጣላችሁ!» ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ሊትሮ በዚያው ሙቀት ሚኒባሷን አስከፍቶ ፈተሸ። ከሹፌሩ ወንበር ሥር የተጠቀለለ ወፍራም የጎማ ቱቦ ወጣ።

«ይሄስ?» አለ ቱቦውን ከፍ አድርጎ እያሳየ። «ብርዱ በዚህ ነው የሚምገው በለኛ!» ጋሼ ማለቱም፣ እርስዎ ማለቱም እዚያው ላይ ቀረ።

«ለማሞቂያው ነው» አለ ቀስ በሌ።

ሳቁ ድምፁን ዋጠው። ሰውየው ቃሉን አልደገመም። የሱፍ ጓንቱን አወለቀ፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ ዝም ብሎ ቆመ። ሊትሮ ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠረው። ቱቦው ቢሮ ገብቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት፤ ጉዳዩ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ቀስ በሌ መኪና አጣቢ ሆነ። የኮሚቴው ውሳኔ ስንብት እንደሚሆን ግቢው ሁሉ ያውቃል። በስርቆት የተሰናበተ ሹፌር ደግሞ ሌላ ቦታ ሄዶ መሪ የሚያስጨብጠው የለም፤ በስተርጅና ስሙ ተበላሸ ማለት ነው። ሹፌሮቹ ግን ቀልድ አግኝተዋል። የአንዱ ዳቦ ቢጠፋ «ብርዱ በላው»፣ የሌላው እስኪርቢቶ ቢጠፋ «ብርዱ ወሰደው»። ቀስ በሌ ባልዲውን ይዞ ባለፈ ቁጥር ይህችኑ ይሰማል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሊትሮ ከሥራ ሲገባ እናቱን ብርድ ልብስ ደራርባ ተከናንባ አገኛት። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል።

«እማ፣ ምነው? አመመሽ?»

«አይ፣ ብርዱ ነው። ከእጥበት ስወጣ እኮ ደሜ ራሱ ቀዝቅዞ ነው የምወጣው። እኔ የምልህ፣ ያ ሰውዬ ምን ነካው? ታመመ እንዴ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ቀስ እያለ የሚነዳው ነዋ።»

«እረፍት ወጥቷል» አለ ሊትሮ። ውሸቱ ከአፉ የወጣበት ፍጥነት ራሱንም አስደነገጠው።

«እሰይ፣ ይረፍ፤ እኔማ ክፉ አገኘው ብዬ ነው። ይሄ አዲሱ ልጅ ክፋት የለበትም፣ መኪናው ግን በረዶ ቤት ነው። ያኛው ገና ሳንወጣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ወንበሩን ሁሉ አሙቆ ነው የሚቆየን። ሙቀቱ ለኛ ለኋለኞቹ አልደርስ ቢለው፣ የሆነ ቱቦ አምጥቶ ከፊት ከማሞቂያው አፍ ላይ ገጠመና እስከ እግራችን ዘረጋልን። ‹እማማ፣ ሞቀዎት?› ይለኛል በየመንገዱ። እኔ ደግሞ መኪና ሁሉ እንዲህ ያለ መስሎኝ፣ ነግሬህም አላውቅ።»

ሊትሮ ኮቱን ግማሽ አውልቆ እንዳንጠለጠለ ቀረ። እናቱ አላየችውም፤ ከትራሷ ሥር አንድ ነገር እየፈለገች ነበር። ቡናማ የሹራብ አንገት ልብስ አወጣች፤ ዳሩ ላይ ገና ያልተቋጠረ ክር ተንጠልጥሏል። «ይቺን ሠርቼለት ነበር። ሲመለስ አንተው ስጥልኝ፤ ግቢ ውስጥ ታገኘው የለ?»

«እሺ» አለና ተቀበላት። የአንገት ልብሷን የሚያኖርበት ቦታ ጠፍቶት፣ ሲያነሳት ሲጥላት አምሽቶ፣ በመጨረሻ የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታት።

በማግስቱ ቢሮ እንደገባ ቁም ሳጥኑን ከፈተና ቱቦውን አወጣ። አፉን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። ጎማና አቧራ ይሸታል። አንዴ ናፍጣ የነካው ቱቦ ቢታጠብ ቢታሽ ሽታው አይለቀውም። ሊትሮ ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያሻውም፤ በቆላው ዘመኑ በአፉ ስቦ ናፍጣ የዋጠበት ቀን አለ። አንደኛው ጫፍ ላይ ደግሞ የማሞቂያው አፍ እንዲይዘው ጨርቅ ተጠቅልሎ በክር ታስሯል። ያን ቀን ጨርቁን አይቶታል። አይቶ ነው ያለፈው፤ ምክንያቱም ሰው እየሳቀለት ነበር።

ግን ሰው ራሱን እንዲህ በቀላሉ አይረታም። ቱቦው ለማሞቂያ ይሁን፣ ናፍጣው የት ሄደ? አዲሱን ሹፌር «ዛሬ አንተ እረፍ» አለው፤ ሚኒባሷን አፏ ድረስ ሞልቶ ራሱ መሪ ጨበጠ። ተራው የእናቱ ሳይሆን የሌሎቹ ታካሚዎች ነበር።

ውርጩን ከመስታወቱ ላይ ሲፍቅ ጣቱ ደነዘዘ። ሞተሩ አቃስቶ አቃስቶ ነው የተነሣው። በቆላ ልማዱ ወዲያው ሊያንቀሳቅሳት ቢል፣ ትንፋሹ መስታወቱን ከውስጥ አለበሰውና መንገዱ ጠፋው። ማሞቂያውን ከፈተ፤ ፊቱን በረዶ በሚመስል ነፋስ መታው። እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ የሙቀት መለኪያዋን መርፌ ይጠብቅ ጀመር። መርፌዋ አልነቃነቅ አለች። ሞተሩ እያጉረመረመ ነው፤ አንድ ጎማ እንኳ ሳይሽከረከር ናፍጣው እየሄደ ነው።

የመጀመሪያው ታካሚ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልጃቸው ደግፋ ከደረጃው ስታወርዳቸው እያንዳንዱ እርከን ላይ ያርፋሉ። ሊትሮ ጆሮው ውስጥ የራሱ ድምፅ «አጥፋ!» ሲል ሰማው፤ እጁ ግን ወደ ቁልፉ አልሄደም። እንዴት ብሎ ያጥፋው? ሽማግሌው ወጥተው ሲቀመጡ ወንበሩ አስበረገጋቸው። «ውይ! የዛሬውም በረዶ ነው?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ትንሽ ሄዶ ማቆም፣ ትንሽ ሄዶ ማቆም ነው፤ ሞተሩ ሞቀ ሲባል መንገዱ እያለቀ ነበር። መኪናዋ ከብዳ አልገፋ ስላለችው ጋራዥ ጎራ አለ። መካኒኳ ጎማውን ለክታ አየር እየሞላች «ከብርዱ ጋር አየሩም ይኮማተራል፣ ዘይቱም እንደ ማር ይወፍራል። አንተ የቆላ ሹፌር እኮ መንዳት የለመድከው በሙቀት ብቻ ነው» አለችው እየሳቀች። ቀልዷ ነበር፤ እሱን ግን አላሳቀውም።

ሲመለስ ታንከሩን ሞላ። የመቅጃው ቆጣሪ ኖርማውን አለፈ። ከዚያም ቀስ በሌ ያቃጥለው ከነበረው ላይ ደረሰ። ሊትሮ በቃ ይቆማል ብሎ ሲጠብቅ እሱንም አለፈ። ሌባ የተባለው ሰው ከሱ ያነሰ ነው የሚያቃጥለው፤ ቀስ ስለሚል። ሊትሮ የመቅጃውን እጀታ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ምርጫው ነበር።

ይህን ያየ ሰው ኮሚቴው ፊት ቀርቦ እንዲህ ነው ብሎ ይናገራል ትላላችሁ። ሊትሮ ግን «በቂ ማስረጃ አልተገኘም» የምትል አጭር ቃል ልኮ ፋይሉን አዘጋ። ማን እንደተሳሳተ የማትናገር፣ ማንንም የማታቆስል ለስላሳ ቃል! ከዚያ ወደ መኪና ማጠቢያው ሄደ። ቀስ በሌ ውሃውን እየለቀቀ ጎማ ያጥባል፤ እጁ በቅዝቃዜው አብጧል።

«ጋሼ፣ ነገ ሚኒባስዎን ይረከቡ።»

«ተጣራ?»

«አዎ... ተሳስቼ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ይህን ያለው ውሃው እየተንፎለፎለ ባለበት፣ ለራሱም በደንብ በማይሰማ ድምፅ ነው። ቀስ በሌ ጎማውን ማጠቡን ሲቀጥል ጨነቀውና «እናቴ እኮ በእርስዎ መኪና ነው የምትመላለሰው፤ እሷን ጠይቃት ቢሉኝ ምን ነበረበት?» አለ። ጥፋቱን ከፊሉን እንኳ ለሰውየው ሊያካፍለው ፈልጎ እንደሆነ፣ ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የገባው።

«በሽተኛ ለምስክርነት ልጥራልህ?» አለ ቀስ በሌ። «የጠየቅከው እኔን ነበር። መለስኩልህ።» ውሃውን ዘጋና ዙሪያውን ቃኘ፤ ከሁለቱ በቀር በአካባቢው ማንም የለም። «ስትስቅብኝ ግን ሰው ነበረ» አለ፤ ውሃውን መልሶ ከፈተው።

ሊትሮ ነገ በሹፌሮቹ ፊት እናገራለሁ ብሎ ወሰነ። ሲነጋ ግን ቁልፉን ብቻ አድሎ ገባ። በማግስቱም እንዲሁ። ኖርማውን ልቀይረው ቢል፣ ለምን ቀየርከው የሚለው ጥያቄ ይመጣል። የአንገት ልብሷም ከኪሱ አልወጣችም፤ እጁን ለብርድ ኪሱ በከተተ ቁጥር ያገኛታል፣ እሳት እንደተኮሰው ሰው መንጭቆ ያወጣል። ቱቦውም እዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ቀስ በሌ አልጠየቀውም፤ እሱም አልመለሰም። «ብርዱ ጠጣው» ደግሞ እንደ ድሮው በግቢው ውስጥ ይዞራል።

የቀስ በሌ ፍጆታ ግን ከኖርማው ሳያልፍ ቀረ። ሊትሮ ይህን ሲያይ ለጊዜው ምንም አልመሰለው። የገባው ቤቱ ሲደርስ ነው። እናቱ ያው ብርድ ልብስ ውስጥ ናት።

«ሰውዬው ተመልሷል» አለችው።

«አዎ እማ።»

«መኪናው ግን ያው ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ነው የሚጠብቀን። ቱቦውም የለም። ‹ምነው ልጄ፣ ሙቀቷስ?› ስለው ዓይኔን ሳያይ ‹እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ኖርማ ነው› አለኝ።» ብርድ ልብሱን ወደ አገጯ ሳበች። «ኖርማ ምንድን ነው?»

ሊትሮ ሊያስረዳት አፉን ከፈተ። ሥራው ነው፣ ስንቱን ሹፌር አስረድቷል።

«እኔ ነኝ እማ» አለ በመጨረሻ።

ከዚያ ሁሉንም ነገራት። ሳቁን፣ ቱቦውን፣ የባልዲውን ነገር፣ እረፍት ወጥቷል ብሎ መዋሸቱን። እናቱ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ሲጨርስ «እንግዲያው እኔ በስርቆት ነው የሞቅሁት?» አለችው።

«እማ፣ እንዲህ አትበይ።»

«የአንገት ልብሷን ሰጠኸው?»

እጁ ወደ ኮቱ ኪስ ሄደ። እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። እሱም ኮቱን ሳያወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሯን በብርድ ልብሱ ላይ ያሽላት ጀመር፤ እግሯ ግን ቶሎ አልሞቅ አለው።

ጠዋት ሹፌሮቹ ለቁልፍ ሲሰበሰቡ ሊትሮ ከቢሮው ወጣ። ቱቦው ክንዱ ላይ ተጠቅልሏል፤ የአንገት ልብሷ እጁ ላይ ናት። አንዱ ቱቦውን ሲያይ «ብርዱ መጣ!» ብሎ ጀመረ። የሚከተለው ጠፋ።

«ስሙኝ» አለ ሊትሮ። «ያን ቀን እኔ ስስቅ ሳቃችሁ። ዛሬ ደግሞ እነግራችኋለሁ። ናፍጣውን የጠጣው ብርዱ ነው። ያችን መኪና እኔው ነድቻት ከሳቸው የበለጠ አቃጥያለሁ። ቱቦው ለበሽተኞቹ እግር ነው፤ አንዷ በሽተኛ እናቴ ናት። ሰውየው አልሰረቁም። እኔ ናፍጣ ጠበቅሁ ብዬ የሳቸውን ስም ደፋሁ። ኖርማው ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል፤ የብርዱን ከእናንተው ጋር ሆነን እንደገና እንለካዋለን።»

አንድ ሰው ሳለ። ሌሎቹ ጫማቸውን ያያሉ። ሊትሮ ወደ ቀስ በሌ ሄዶ ቱቦውን አቀበለው። ቀስ በሌ ጫፉ ላይ ያለው ጨርቅ እንዳልተፈታ በጣቱ ዳሰሰና ተቀበለው። የአንገት ልብሷን ሲያይ «ይሄስ?» አለ።

«እናቴ ሠርታ የላከችልዎት ነው። ኪሴ ውስጥ ቆየች።»

ቀስ በሌ አገላብጦ አያት። አንገቱ ላይ አላደረጋትም፤ ይቅር ብያለሁም አላለም። አጥፎ ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ አኖራት፣ ሚኒባሷን አስነሣ፣ ቱቦውን ከማሞቂያው አፍ ላይ ገጠመው። ከዚያ ወርዶ ሳይቸኩል፣ እንደ አመሉ፣ የመስታወቱን ውርጭ መፋቅ ጀመረ። ሞተሩ ቆሞ ያጉረመርማል። ሹፌሮቹ ሁሉ ቀና ብለው ሊትሮን አዩት፤ የምትመጣውን ቃል ያውቋታል።

ሊትሮ በልማድ አፉን ከፍቶ ነበር። መልሶ ዘጋው። ቀስ በሌ ዞር ብሎ አላየውም። ሞተሩ ሞቆ፣ መስታወቱ ጠርቶ፣ ሚኒባሷ እናቱን ልታመጣ ከበሩ እስክትወጣ ድረስ፣ ሊትሮ እዚያው ብርዱ ላይ ቆሞ ጠበቀ።